በሐሳብ የሚታዘዝ ሰው ሠራሽ እጅ፦ አሠራሩ፣ የባትሪው ጉዳይና ለእኛ ያለው ትርጉም

እጁን ያጣ ሰው አንጎሉ እጁን ማዘዙን አያቆምም። "ጣትህን እጠፍ" የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል ይነሳል፣ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ያልፋል፣ በነርቭ በኩል እስከ ክንድ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ግን ተቀብሎ የሚፈጽም የለም። "የሌለው እጄ ያሳክከኛል"፣ "የተቆረጠው እግሬ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ይሰማኛል" የሚሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ይህ እብደት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ትእዛዙ አሁንም እየተላከ መሆኑን የሚያሳይ ነው። በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ሦስት ሰዎችን እጃቸው ከመቆረጡ በፊትና ከተቆረጠ በኋላ ተከታትሎ፣ በአንጎላቸው ውስጥ ያለው የእጅ ቦታ ሳይጠፋ መቆየቱን አሳይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ያንን ትእዛዝ መሃል ላይ ጠልፎ ለሰው ሠራሽ እጅ ማድረስ ይቻላል? ይቻላል። በስልክ የሚዘዋወሩት "በሐሳብ የሚንቀሳቀስ እጅ" የሚሉ ቪዲዮዎች ሁሉም ውሸት አይደሉም። ግን ሙሉውን ነገር አይናገሩም። በካምፕ ውስጥ "ውጭ ስሄድ አንጎሌ ውስጥ ቺፕ ያስገቡልኛል፣ እስከዚያ ይቆየኝ" ብሎ ሊሰጠው የሚችለውን ሰው ሠራሽ እግር ሳይወስድ የሚቀመጥ ሰው አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይጠቅማል፦ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚያስፈልግ፣ ከላቦራቶሪ እንዳይወጣ ምን እንደያዘው፣ እኛስ እስከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብን።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በሳይንሱ "የአንጎልና የማሽን መገናኛ" ይባላል። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ሥራው የአስተርጓሚ ሥራ ነው። አስተርጓሚ ምን እንደሚሠራ በካምፕ የኖረ ሁሉ ያውቃል፦ ከአንዱ ይሰማል፣ ሐሳቡን ይይዛል፣ ለሌላው በሚገባው ቋንቋ ይነግራል። ይህም መሣሪያ እንዲሁ ነው። አራት ሥራ አለው።

1. መስማት። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ መልእክት ሲልክ በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ያወጣል። ይህቺ ምት የአንድ ሰከንድ ሺህኛ ያህል ጊዜ ብቻ ትቆያለች። ኤሌክትሮድ የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ጫፎች ይሰሟታል።

2. ማጉላት። ምቷ እጅግ ደካማ ስለሆነች እንደ ድምፅ ማጉያ በሚሠራ ቺፕ ትጎላለች፣ ከዚያም ወደ ቁጥር ትለወጣለች።

3. መተርጎም። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን አይቶ ሰውዬው ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ይገምታል። ይህን የሚማረው በልምምድ ነው። "እጅህን ወደ ቀኝ እንደምትወስድ አስብ፣ አሁን ወደ ግራ" እየተባለ የአንጎሉ ምት ይመዘገባል። በ1980ዎቹ አፖስቶሎስ ጆርጎፖሎስ የተባለ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው የሚመርጡት አቅጣጫ አላቸው። አንዱ ወደ ላይ ስንዘረጋ ይበልጥ ይመታል፣ ሌላው ወደ ጎን ስንዘረጋ። የብዙዎቹን ድምር ያየ ኮምፒውተር አቅጣጫውን ያውቃል ማለት ነው።

4. መፈጸም። ትእዛዙ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፣ ሰው ሠራሹ እጅ ይዘረጋል ወይም ይጨብጣል።

ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በ1924 ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ራስ ቅል ላይ ሽቦ አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ መዘገበ። በ1969 ኤበርሃርድ ፌትዝ በአሜሪካ ጦጣዎችን አሠልጥኖ በአንጎላቸው ውስጥ ያለን የአንድ ሕዋስ ምት በራሳቸው ፍላጎት ጨምረው የመለኪያ ቀስት እንዲያንቀሳቅሱ አደረገ። ሽልማታቸው ምግብ ነበር። በ2004 ደግሞ ማቲው ናግል የተባለ፣ በአንገቱ ላይ በደረሰ የስለት ጉዳት ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ አሜሪካዊ ወጣት፣ ብሬንጌት በተባለው ምርምር አንጎሉ ላይ ኤሌክትሮድ ተተከለለት። በሐሳቡ ብቻ የኮምፒውተር ቀስት አንቀሳቀሰ፣ ኢሜይል ከፈተ፣ ሰው ሠራሽ እጅ ዘርግቶ ጨበጠ።

በ2012 ከዚሁ ምርምር የወጣ ጽሑፍ፣ አንዲት በስትሮክ ሰውነቷ የማይታዘዝላት ሴት በሐሳቧ በምታዘው የሮቦት ክንድ የቡና ጠርሙስ አንስታ ወደ አፏ ወስዳ እንደጠጣች ዘግቧል። ከ14 ዓመት በላይ ያለ ሰው እርዳታ ጠጥታ አታውቅም ነበር።

እነዚህ ሰዎች የተተከለላቸው ኤሌክትሮድ 4 ሚሊ ሜትር በ4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ ነገር ነው። በላዩ 100 ቀጫጭን መርፌዎች አሉት። ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ከእሱ በስተጀርባ ያለው ነው። ከራስ ቅል ላይ ወፍራም ኬብል ይወጣል፣ ኬብሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ወደተደረደሩበት ይሄዳል፣ ባለሙያዎችም አጠገቡ ቆመው ይቆጣጠራሉ። በቪዲዮው ላይ እጁን እንጂ ኬብሉንና ኮምፒውተሩን ብዙ ጊዜ አያሳዩንም።

ከውጭ ማዳመጥና ከውስጥ ማዳመጥ

"ለምን ራስ ቅል ይከፈታል? ኮፍያ ነገር ማድረግ አይበቃም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱን በራሽን ቀን እናስበው። የእህል ማከፋፈያው ጋ ሺህ ሰው ተሰልፎ ያወራል። አንተ ከአጥሩ ውጭ ርቀህ ብትቆም የምትሰማው አንድ ትልቅ ጫጫታ ነው። ዛሬ ራሽን እንዳለ ታውቃለህ፣ ማን ምን እንዳለ ግን አታውቅም። ወደ ሰልፉ ውስጥ ከገባህ አጠገብህ ያሉት የሚሉትን አንድ በአንድ ትሰማለህ።

ራስ ላይ የሚደረገው ኮፍያ ከአጥሩ ውጭ እንደቆመው ሰው ነው። አጥንትና ቆዳ ድምፁን ያፍኑታል። "አዎ" እና "አይ" ለመለየት ይበቃል፣ አምስት ጣት ለየብቻ ለማዘዝ ግን በጣም ያስቸግራል። ውስጥ የሚተከለው ኤሌክትሮድ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ እንደሚሰማው ሰው ነው። ጥራቱ ከፍተኛ ነው፣ ዋጋው ግን ቀዶ ሕክምናና ከሱ ጋር የሚመጣው አደጋ ነው።

የኃይል ጉዳይ ለምን ትልቅ ሆነ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። አንድ ሰው ይህን መሣሪያ ለብሶ ገበያ እንዲሄድ፣ ልጁን እንዲያቅፍ ከተፈለገ ኬብሉ መቆረጥ አለበት። ኬብሉ ከተቆረጠ ሥራው ሁሉ በትንሽ ቺፕና በትንሽ ባትሪ መሠራት አለበት። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይከብዳል።

እስቲ አብረን እናስላው። በተለመደው አሠራር ከ96 ኤሌክትሮዶች እያንዳንዱ በሰከንድ 30,000 ጊዜ ይለካል። 96 ሲባዛ በ30,000፣ በሰከንድ 2,880,000 ቁጥር ማለት ነው። ይህን ሁሉ መለካት፣ ማጉላት፣ በሬዲዮ ሞገድ መላክ፣ መተርጎም ኃይል ይበላል። ስልካችን ቪዲዮ ሲያይ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅና እንደሚሞቅ ሁሉ ይህም ያው ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ከባትሪው ይብሳል። ስልክ ቢሞቅ ከኪስ አውጥተን ጥላ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። አንጎል ላይ ያለ ቺፕ ቢሞቅ የሚሄድበት የለም። መሣሪያውን የሚሠሩት ሰዎች በዙሪያው ያለውን የአንጎል ሥጋ ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳያሞቀው ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ "ትልቅ ባትሪ እንጨምርበት" የሚለው መልስ አያዋጣም። ያለው መንገድ አንድ ነው፣ ፍጆታውን መቀነስ።

በ2020 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከነሱም ሳሙኤል ናሰንና ሲንቲያ ቼስቴክ፣ ጥሩ መንገድ አሳዩ። የያዙት ጥያቄ "በእርግጥ ሁሉንም መስማት ያስፈልገናል?" የሚል ነው። ወደ ራሽኑ ሰልፍ እንመለስ። ሥራው ፈጠነ ወይስ ቆመ የሚለውን ለማወቅ እያንዳንዱ ሰው የተናገረውን ቃል መጻፍ አያስፈልግም። ቅርብ ቆሞ ድምፁ ከፍ ማለቱንና ዝቅ ማለቱን መከታተል ይበቃል።

እነሱም እንዲሁ አደረጉ። የእያንዳንዱን ምት ቅርጽ በዝርዝር ከመመዝገብ ይልቅ፣ ከ300 እስከ 1,000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ያለውን ድምፅ ጉልበት ብቻ ለኩ። ሄርዝ ማለት አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ የሚነግር ቁጥር ነው። ሬዲዮ ላይ አንዱን ጣቢያ ስንይዝ ሌላውን ሁሉ እንደምንተወው ነው። ይህ ክልል በሰከንድ 2,000 ጊዜ ቢለካ ይበቃዋል። አሁን ሒሳቡን እንድገመው፦ 96 ሲባዛ በ2,000፣ 192,000 ቁጥር። ከቀድሞው አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ የኃይል ፍጆታው በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገለጹ። በጦጣዎች ላይ ሲሞክሩትም ትርጉሙ አልተበላሸም፣ እንዲያውም ተሻሻለ። በዚያው ዓመት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎችም ከአንጎል የሚወሰደውን መረጃ በመመጠን ኃይሉን ብዙ እጥፍ መቀነስ እንደሚቻል ጽፈዋል። በ2021 ደግሞ የሚሺጋኖቹ ጦጣ በዚሁ አነስተኛ ኃይል በሚፈልግ ዘዴ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የእጅ ጣቶችን በሁለት ቡድን ለየብቻ እንዲያንቀሳቅስ አድርገዋል።

ኬብሉም መቆረጥ ጀምሯል። በ2021 የብሬንጌት ቡድን ሁለት ሽባ የሆኑ ሰዎች ያለ ኬብል፣ ራሳቸው ላይ በተገጠመ ከ40 ግራም ጥቂት በሚበልጥ ማስተላለፊያ ኮምፒውተር መጠቀማቸውን አሳወቀ። በጥር 2024 ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ 1,024 ኤሌክትሮዶች ያሉትን፣ ባትሪው በቆዳ ላይ ያለ ሽቦ ቻርጅ የሚደረግ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተከለ። በሳምንታት ውስጥ ግን ከኤሌክትሮዶቹ ክሮች አንዳንዶቹ ከአንጎሉ ወደ ኋላ ሸሽተው ነበር። ኩባንያው የመተርጎሚያ ፕሮግራሙን በማስተካከል ሥራውን ቀጥሏል።

እጅ ለተቆረጠ ሰው አንጎል መክፈት ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሰዎች አብዛኞቹ እጃቸው አልተቆረጠም። እጅ አላቸው፣ የተበላሸው መንገዱ ነው። አከርካሪያቸው ወይም የአንጎላቸው ሥር ተጎድቶ ትእዛዙ ወደ ታች መውረድ አልቻለም። ለእነሱ ከአንጎል መስማት ዋናው አማራጭ ነው።

በጥይት፣ በፈንጂ ወይም በአደጋ እጁን ያጣ ሰው ግን መንገዱ እስከ ክንዱ ድረስ ደህና ነው። ትእዛዙ በነርቭ ወርዶ የተቆረጠበት ቦታ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ እዚያው ታች መስማት ይቻላል፣ ራስ ቅል መክፈት አያስፈልግም። ለዚህ ሦስት መንገዶች አሉ።

ከጡንቻ ማዳመጥ። በቀረው ክንድ ውስጥ ያለ ጡንቻ ሲኮማተር ኤሌክትሪክ ያወጣል። በቆዳ ላይ የተቀመጠ መለኪያ ያንን ሰምቶ የእጁን ሞተር ያዛል። ሶቪየት ኅብረት በ1960 እንዲህ ያለ እጅ አሳይታለች። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ኤሌክትሪክ እጆች በብዛት በዚህ ይሠራሉ። ዘመናዊዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ፣ ቻርጅም ይፈልጋሉ።

ነርቭን ወደ ሌላ ጡንቻ ማዞር። በአሜሪካ ቺካጎ ዶክተር ቶድ ኩይከንና ቡድኑ፣ በ2001 በኤሌክትሪክ አደጋ ሁለት እጆቹን ያጣውን ጄሲ ሱሊቫን የእጅ ነርቮች ወደ ደረቱ ጡንቻ አዞሩለት። "እጄን ልጨብጥ" ብሎ ሲያስብ ደረቱ ላይ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ መሣሪያውም ያንን ሰምቶ ይጨብጣል።

ነርቭን በትንሽ ጡንቻ መጠቅለል። በሚሺጋን ፖል ሴደርና የተባሉ ቀዶ ሐኪምና ቼስቴክ የተቆረጠውን የነርቭ ጫፍ ከራሱ ከሰውየው በተወሰደ ትንሽ ጡንቻ ይጠቀልሉታል። ነርቩ በዚያ ጡንቻ ውስጥ ያድጋል፣ ጡንቻውም እንደ ድምፅ ማጉያ ሆኖ ደካማውን ትእዛዝ ያጎላዋል። በ2020 ባወጡት ጥናት ሰዎች ጣቶችን ለየብቻ ማዘዝ ችለዋል፣ እስከ 300 ቀን ድረስም መሣሪያውን እንደገና ማስተማር አላስፈለጋቸውም።

ድምፁ ቀድሞ በጡንቻ ስለጎላ መሣሪያው ብዙ መድከም የለበትም። ኃይል የመቆጠብ ሐሳብ እዚህም ያገለግላል።

ምን ይቀራል?

ሥራው አላለቀም። አንጎል ውስጥ የገባ መርፌ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፣ በዓመታት ውስጥም የሚሰማው ድምፅ ሊደክም ይችላል። ቆዳን በስቶ የሚወጣ ነገር ካለ ለኢንፌክሽን በር ነው። የመዳሰስ ስሜት መመለስም ገና በመሞከር ላይ ነው። ከአንጎል የሚሰሙት መሣሪያዎች በአብዛኛው ገና በምርምር ውስጥ ባሉ ሰዎች ላይ ያሉ ናቸው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንደገለጸው ሰው ሠራሽ አካልና መሰል ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው 10 ሰዎች የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀላሉ ሰው ሠራሽ እግር ሲገኝ ዋጋው ትልቅ ነው። የስደተኛ ታሪክም እዚህ ውስጥ አለ። ዛሬ ሂዩማኒቲ ኤንድ ኢንክሉዥን የሚባለው ድርጅት በ1982 የተጀመረው ከካምቦዲያ ሸሽተው በታይላንድ ካምፖች ውስጥ ለነበሩ፣ ፈንጂ እግራቸውን ለቆረጠባቸው ስደተኞች በቀርከሃ፣ በእንጨትና በቆዳ እግር በመሥራት ነው። በሕንድ ጃይፑር ከተማ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የጎማ እግር በባዶ እግር ለሚሄድና መሬት ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተመቸ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ርካሽና ጠንካራ በሆነ ፕላስቲክ እግር የሚሠራበትን ዘዴ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች አስፋፍቷል። እነዚህ ባትሪ አይፈልጉም። ሰውን ግን ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ መልሰዋል።

እግሩ ወይም እጁ የተቆረጠ ሰው፣ ቤተሰቡም፣ እነዚህን ያስታውሱ።

አትጠብቁ። የሚሆን ሰው ሠራሽ አካል ከተገኘ ውሰዱ። ቀላሉን መውሰድ ነገ የተሻለውን ከማግኘት አያግድም። በተለይ እጅ ላይ፣ ቶሎ የገጠመ ሰው ይበልጥ እንደሚለምደው ጥናቶች ያሳያሉ።

መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ጠብቁ። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ አይተኛ፣ ጉልበቱን ቀጥ ያድርግ። ከጉልበት በላይ ከሆነ በቀን ውስጥ የተወሰነ ጊዜ በሆዱ ይተኛ። መገጣጠሚያ ታጥፎ ከደረቀ ማንኛውም እግር፣ ቀላልም ሆነ ዘመናዊ፣ መግጠም ያስቸግራል።

ቆዳውን በየቀኑ እዩ። በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። መቅላት፣ ቁስል ወይም ፈሳሽ ካለ ሳይብስ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የሌለውን እጅ አንቀሳቅሱ። "ጨብጥ፣ ዘርጋ" እያላችሁ በሐሳብ ተለማመዱ። የቀረው ጡንቻ ይሠራል። ከላይ ያየናቸው ከጡንቻ የሚሰሙ መሣሪያዎች የሚፈልጉትም ያንኑ ጡንቻ ነው።

ልጆችን አትርሱ። ልጅ ያድጋል፣ እግሩም ይጠበዋል። ትልቅ ሰው በየሦስትና አምስት ዓመቱ ሲቀይር ልጅ በየስድስት ወሩ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮውን ተከታተሉ።

ለደላላ አትክፈሉ። "ለአንጎል ቺፕ እናስመዘግባለን" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። እንዲህ ያለ ምርምር በካምፕ ደላላ አይመዘግብም። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎትም፣ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳይን ጨምሮ፣ በነጻ ነው።

በካምፓችሁ ጤና ጣቢያ ወይም የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ ሄዳችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የአካል ተሃድሶ ማዕከል የትኛው ቅርብ ነው? ማን ወደዚያ ይልከኛል? መሣሪያው ሲሰበር የት ይጠገናል? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። የሚጠግነው ሰው ከሌለ ውድ የኤሌክትሪክ እጅም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚጠግነው ያለው የፕላስቲክ እግር ግን ትምህርት ቤት ያደርሳል።